ንጉሡን ከምራቅ ውስጥ አታገኙትም

በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በራሷ በአየርላንድ «እኔ የንጉሥ ኒያል ዘር ነኝ» ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ወንድ ሞልቷል። ማስረጃህ ምንድን ነው ቢባል ብራና አይዘረጋም፤ አባት ቆጥሮም አያስረዳም። በትንሽ ብልቃጥ ምራቁን ተፍቶ በፖስታ ልኳል፤ ከሳምንታት በኋላ «ኤም222» የሚል ምልክት ያለበት ውጤት መጥቶለታል። ከምልክቱ ጎን ኒያል ባለ ዘጠኝ ታጋች የተባለ የ5ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ንጉሥ ስም ሰፍሯል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ጋዜጣው ጻፈው፣ ቴሌቪዥኑ ደገመው፣ ምርመራውን የሚሸጠው ድርጅት ማስታወቂያ አደረገው፤ ዛሬ እንግዳ የሚመስለው የሚጠራጠረው ሰው ነው።

እኔ ከመጠራጠርም አልፌ ስህተት ነው እላለሁ። የዘር መስመሩ እውነት ነው፤ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ መብዛቱም እውነት ነው። የንጉሡ ስም ግን በላዩ የተለጠፈ ነው፤ ሲላጥ የሚታየው ታሪክ ደግሞ ባለምራቁን ብዙም የሚያኮራው አይደለም።

ተቃራኒውን ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጠንካራ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሠሩት ዳን ብራድሊና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ የዋይ ክሮሞሶምን ጉዳይ ይዞ ነበር። ይህ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስህተት ይገባበታል፤ ስህተቱም ከዚያ ወዲያ ለሚወለዱት ወንዶች ሁሉ ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ በ17 ቦታዎች ላይ የሚደጋገሙ የዲኤንኤ ፊደላትን ቆጠሩ። ለምሳሌ ዲዋይኤስ392 በሚባለው ቦታ ሦስት ፊደላት በተከታታይ ይደጋገማሉ፤ በአብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ወንድ ዘንድ ድግግሞሹ 13 ነው፤ በዚህ መስመር ወንዶች ዘንድ 14 ይሆናል። ሌሎቹም ቦታዎች እንዲሁ ተቆጥረው ሲደመሩ ከሌላው የሚለይ የቁጥር ቅንብር ይወጣል፤ ዛሬ በኤም222 ምልክት የሚታወቀው መስመር መለያው ይህ ነው። ይህ ቅንብር በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከ5 ወንዶች በአንዱ፣ በመላ ደሴቲቱ ደግሞ ከ12 በአንዱ ላይ ተገኘ። በዓለም ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ወንዶች ሳይዙት አይቀሩም ተባለ።

ቦታውም ተራ ቦታ አልነበረም። ከኒያል ተወለድን የሚሉት የኢ ኔል ነገሥታት ሥር የሰደዱበት አገር ነው። ብራያን ቦሩ እ.ኤ.አ. በ1002 የበላይነቱን እስኪነጥቃቸው ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት በአየርላንድ እነሱን የሚስተካከል ቤት አልነበረም። ከዚህ ቤት ወጣን የሚሉ ቤተሰቦች፣ እነ ጋላገር፣ እነ ዶኸርቲ፣ እነ ኦዶኔል፣ ሲመረመሩ ምልክቱ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በእነሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። የአገሩ የጥንት ሕግ ደግሞ ባላባት ብዙ ሴት እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል፤ አባቱ ያመነው ልጅ ከየትኛዋም ሴት ቢወለድ ይወርሳል። በመጨረሻም የመስመሩ ዕድሜ ሲሰላ ወደ 1,730 ዓመት ግድም መጣ፤ ኒያል ኖረ ከሚባልበት ዘመን ብዙም አይርቅም። ቦታ፣ ስም፣ ሕግ፣ ዘመን፤ አራት ምስክር በአንድ ሰው ላይ። ማን ነው የማይረታ?

ከዘመኑ ልጀምር፤ ቶሎ የሚፈርሰው እሱ ነውና። ጋዜጦቹ 1,730 የምትለዋን ቁጥር ወስደው ጎኗ የቆመችውን ሌላ ቁጥር ተዉ። ጥናቱ ራሱ የስሌቱን መዋዠቅ 670 ዓመት ብሎታል። ይህም ማለት የመስመሩ አባት ከዛሬ 2,400 ዓመት በፊትም፣ ከ1,060 ዓመት በፊትም ኖሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህ እንኳ የመዋዠቁ የመጨረሻ ዳርቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ክርስትና አየርላንድ ገብቷል፣ ቫይኪንጎች ደብሊን ላይ ነግሠዋል። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ሰውየው ድርጊቱን የፈጸመው ከ13 መቶ ዓመታት በአንዱ ውስጥ ነው» የሚል ምስክር ማን ይሰማዋል?

ችግሩ የመዋዠቁ ስፋት ብቻም አይደለም። እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚሰላው ስህተቶቹ በትውልድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገቡ በመገመት ነው። ባለሙያዎች በሁለት መለኪያ ይሠራሉ፤ አንዱ ከአባትና ከልጅ ቀጥታ ንጽጽር፣ ሌላው ከረጅም ዘመን የሕዝቦች ታሪክ የተወሰደ ነው። ሁለቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ መስመር የየትኛው ንጉሥ ዘመን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አስሊው የመረጠው መለኪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ክሮሞሶሙን ፊደል በፊደል በማንበብ የተሠሩ ግምቶች ደግሞ የኤም222ን ዕድሜ ከኒያል በፊት ወደነበሩት ምዕተ ዓመታት ይስቡታል።

ይህ መንገድ ቀደም ብሎም ሰው አሳስቷል። በ2003 አንድ ጥናት ከካስፒያን ባሕር እስከ ፓስፊክ ባለው ሰፊ ምድር ከሚኖሩ ወንዶች 8 ከመቶው የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አባታቸውም ጄንጊስ ካን ሳይሆን አይቀርም አለ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፤ እስከ ዛሬም በየሻይ ቤቱ ይወራል። በ2018 ክሮሞሶሙ በሙሉ ተነብቦ ሲታይ ግን መስመሩ ከካኑ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የተነሣ ሆኖ ተገኘ፤ የጥናቱ ጸሐፊዎችም ምንጩ ተራ ሞንጎሎች ናቸው አሉ። የመጀመሪያው ወሬ በዓለም ዞረ፤ ማረሚያውን ስንት ሰው ሰማ? የኒያል ታሪክ የዚያ ታሪክ ታናሽ ወንድም ነው፤ የ2006ቱ ጥናትም ጄንጊስ ካንን በአርአያነት ጠቅሶ ነበር። አርአያው ሲወድቅ ተከታዩ እንዴት ቆሞ ይቀራል?

ወደ ስሞቹ እንለፍ። ምልክቱ በእነ ኦዶኔል ላይ ብቻ ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ አንድ ነገር ነበር። ግን በእነ ኦኮነር፣ በእነ ኦሩርክና በእነ ኦራይሊ ላይም ይገኛል። እነዚህ በራሳቸው የዘር መዝገብ የኒያል ልጆች አይደሉም፤ የወንድሙ የብሪዮን ዘሮች ነን ባዮች ናቸው። መዝገቡን ካመንን የጋራ አባታቸው ቢያንስ የኒያል አባት ኦሒ ነው፤ ከዚያም ሊቀድም ይችላል። መዝገቡን ካላመንን ኒያልንም አብረን እናጣዋለን። ታዲያ የምርመራ ድርጅቶቹ ለምን «የኦሒ ዘር» ብለው አይጽፉም? ኦሒ አይሸጥማ! ዘጠኝ ታጋች የሰበሰበው ልጁ ነው። ምልክቱ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድም በብዛት እንዳለ ስናክልበት አንድን ሰው በአንድ ኮረብታ ላይ የሚያቆም ካርታ ጨርሶ አይቀርም። ኦኒል የሚለው ዝነኛ ስም ራሱ እንኳ የመጣው ከባለ ዘጠኝ ታጋቹ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ919 ደብሊን አጠገብ ቫይኪንጎችን ሲወጋ ከሞተው ከሌላ ኒያል ነው።

መዝገቡስ ምን ዓይነት መዝገብ ነው? ስለ ኒያል የምናነበው ሁሉ ሞተ ከተባለበት ጊዜ ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ ዋነኞቹ የዘር ሐረግ ጥራዞች የ12ኛው ክፍለ ዘመን ብራናዎች ናቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ታሪኩም በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተጠናቀረ ነው። ወንድማማቾቹ አደን ወጥተው ይጠማሉ፤ ምንጩን አንዲት አስቀያሚ አሮጊት ትጠብቃለች፤ ውኃ የምትሰጠው ለሚስማት ነው። ሌሎቹ ሲሸሹ ኒያል ይስማታል፤ አሮጊቷ ቆንጆ ወጣት ሆና ትነሣና ንግሥናው እኔ ነኝ፣ ላንተና ለዘርህ ሰጥቻለሁ ትለዋለች። ይህ የሕይወት ታሪክ ነው ወይስ የዙፋን ይገባኛል ክስ? ወንድሞቹ መጠማታቸው እንኳ ያለምክንያት አልገባም፤ የእነሱ ዘሮች ለምን ከኢ ኔል በታች እንደሆኑ ማስረጃ ሆኖ የተጻፈ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ልንታለል የማይገባን ሰዎች ነን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ፣ ያለማቋረጥ የወረደ ነው ብሎ በሕግ ደንግጎ ነበር። የዘር ሐረግ ማለት ያለፈውን የሚመዘግብ ብቻ ሳይሆን ያለውን ሥልጣን የሚያጸና ጽሕፈት መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን። የአየርላንድ ነገሥታትም ጸሐፊ ነበራቸው፤ ጸሐፊውም እንጀራው ከጌታው ነበር።

«የድሮው መዝገብ ቢዛባም ሐረጉ በመሠረቱ እውነት ሊሆን ይችላል» የሚለኝ ይኖራል። ለእሱ የሪቻርድ 3ኛን አጽም ላሳየው። የእንግሊዙ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1485 በጦር ሜዳ ወደቀ፤ በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሥር አጽሙ ተገኘ። የእናቱ መስመር ዛሬ ካሉ ዘመዶቹ ጋር ገጠመ፤ ማንነቱም ተረጋገጠ። የአባቱ መስመር ሲታይ ግን በወንድ በወንድ ዘመዶቹ ናቸው የተባሉት አምስት ሰዎች አንዳቸውም አልገጠሙም። ይባስ ብሎ ከአምስቱ አንዱ ከአራቱ ጋርም አልገጠመም። ይህ የእንግሊዝ መሳፍንት ሐረግ ነው፤ ርስት የተያዘበት፣ ሙግት የታየበት፣ እያንዳንዱ ጋብቻና ልደት በማኅተም የተመዘገበበት። ከንጉሡ ተነሥቶ ወደ ጋራ አያታቸው ወጥቶ፣ ከዚያ የአምስቱ ሰዎች አያት ወደተባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቦፎርት መስፍን በሚወርደው መንገድ ላይ 19 የአባትና የልጅ ቀለበቶች አሉ፤ ቢያንስ አንዱ የተበጠሰ ነው። እናት እውነት፣ አባት እምነት የሚለው ብሂላችን በላቦራቶሪ ተፈትኖ አለፈ። በ19 ቀለበት ላይ ይህ ከደረሰ፣ ከኒያል እስከ ዛሬ ባሉት ከ50 በላይ ቀለበቶች ላይ፣ ያውም ግማሹ ከጽሕፈት ውጭ በሆነበት፣ ምን ዓይነት ድፍረት ነው አልተበጠሰም የሚያሰኘው? አጽሙ የተገኘለት ንጉሥ ዘር እንዲህ ካስቸገረ፣ መቃብሩ የማይታወቅ፣ አንዲት አጥንት ያልተመረመረችለት ንጉሥስ?

አሁን ከአራቱ ምስክሮች ሦስቱ ወርደዋል። የቀረው ሕጉ ነው፤ እሱን ግን አላወርደውም። እውነተኛ ምስክር ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም የኒያልን ወገኖች ትቶ ለእኔ የሚመሰክረው።

እ.ኤ.አ. በ1423 የሞተው በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ የምትገኘው የቲርኮኔል ጌታ ተርሎክ ኦዶኔል ከ10 ሴቶች 18 ወንዶች ልጆች ወልዷል፤ በወንድ ልጆቹ በኩል ብቻ 59 ወንዶች የልጅ ልጆች ተቆጥረውለታል። ይህን ቁጥር የኒያል ወገኖች ደጋግመው ያነሡታል፤ ዘመኑን ልብ አይሉትም። ተርሎክ ከኒያል አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ የኖረ ሰው ነው! የተርሎክ አልጋ ስለ ኒያል አልጋ ምን ይነግረናል? ምንም። የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ባለ ሥልጣን ብዙ ወንድ ልጅ የሚወልድበት፣ ልጆቹም መሬት የሚያገኙበት ሥርዓት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ ጀግና የፈጠረው ሳይሆን ለአንድ ሺህ ዓመት፣ ትውልድ በትውልድ፣ ያለማቋረጥ የሠራ ነው። መስመሩ የበዛው አንድ ሰው በአንድ ዘመን ስለዘራው አይደለም፤ መሬቱን የያዘው ወገን በየዘመኑ ስለረባ ነው። የዚያ ወገን ጥንታዊ አባት ንጉሥ ይሁን ከብት ጠባቂ፣ ለውጤቱ ለውጥ የለውም።

መሬት ደግሞ አይለጠጥም። የአንዱ ልጆች ሲበዙ የሌላው ልጆች ወዴት ይሄዳሉ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዘር ሐረግ ሊቅ ዱዋልታህ ማክፊርቪሲ ይህን ዓይኑ እያየ ጽፎታል፤ የታላላቆች ልጆችና ወገኖች ሲበዙ ባላገሮቻቸውና ተከታዮቻቸው እየተገፉ፣ እየጠወለጉ ይጠፋሉ ይላል። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከአምስት ወንዶች አንዱ ምልክቱን መያዙ የዚህ መገፋት ቅሪት ነው። ከጎኑ የሌሉትን መስመሮች ቁጠሩ ብንባል አንችልም፤ ወንድ ልጅ ሳይተኩ፣ ወይም ሚስት የማግባት አቅም ሳያገኙ አልፈዋል። አሥሩን የተርሎክ ሴቶችማ ማን ይጠይቃቸዋል? በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሴት ስም አይጻፍም።

በዚህ ላይ ዕድልን ጨምሩበት። ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን ገና በ1874 አሳይተውታል፤ የቤተሰብ ስም በወንድ ብቻ ሲወርድ፣ ማንም ማንንም ባይገፋ እንኳ፣ አብዛኛው ስም በጊዜ ብዛት ይጠፋል፣ ጥቂቱ ይንሰራፋል። አንዱ ሴት ልጆች ብቻ ወለደ፣ ሌላው ልጆቹ በበሽታ አለቁበት። ተንሰራፍቶ የተገኘ መስመር ሁሉ ንጉሥ የሚፈለግለት ከሆነ በአውሮፓ ያሉት ዙፋኖች አይበቁም። ኤም222 በፖስታ ላይ እንዳለ ማኅተም ነው፤ ከየት አገርና በግምት መቼ እንደተላከ ያሳያል፣ ጸሐፊውን ግን አይጠራም።

«ይሁን፤ ታዲያ ሰው በንጉሥ ዘርነቱ ቢደሰት ምን ጎዳህ?» ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያቀርባል፤ ከሁሉ የባሰውም ክርክር እሱ ነው። መልሱ በሒሳብ ይጀምራል። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት አለው፤ ወደ ኋላ 30 ትውልድ ሲቆጠር የአያቶቹ ቦታ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ያን ያህል ሕዝብ በዓለም ስላልነበረ ያው ሰው በብዙ መንገድ ደጋግሞ አያት ይሆናል። በ2013 ፒተር ራልፍና ግራሃም ኩፕ ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ዓመት በፊት ከኖሩት ዘር የተኩ አውሮፓውያን አብዛኞቹ የዛሬ አውሮፓውያን ሁሉ የጋራ አያቶች ናቸው። ኒያል በእርግጥ ኖሮ ልጅ ተክቶ ከሆነ ደብሊን ያለው አውቶቡስ ነጂም፣ ምልክቱ የሌለው ጎረቤቱም የእሱ ዘሮች ናቸው። ምራቁን የላከው ሰውዬ እህት አለችው እንበል፤ እሷ ዋይ ክሮሞሶም የላትም። እሱ የንጉሥ ልጅ ሆኖ እሷ የማን ልጅ ልትሆን ነው? ምርመራው የሸጠለት ማንም በነጻ ያለውን ነገር ነው፤ ያውም ከመላ ዲኤንኤው 2 ከመቶ የማይበልጠውን ክፍል «አንተ ማለት ይህ ነህ» ብሎ።

ጉዳቱ ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነው። የሃርቫርዱን ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስን ውሰዱ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የሌሎችን ሰዎች ዘር በቴሌቪዥን ሲመረምር ኖሯል። የራሱ ዋይ ክሮሞሶም ሲታይ ይህንኑ የአየርላንድ ቅንብር ይዞ ተገኘ፤ ወሬውም «ጌትስ የንጉሥ ኒያል ዘር ነው» ሆነ። እሱም በፈገግታ ተቀበለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ግን ያ ክሮሞሶም እንዴት እሱ ዘንድ ደረሰ? የቅድመ አያቱ እናት ጄን ጌትስ በባርነት የኖረች ሴት ነበረች፤ የልጆቿ አባት ነጭ ነው። ቤተሰቡ ለትውልዶች አባትየው አንድ የሚያውቁት የባሪያ አሳዳሪ እንደሆነ ያምን ነበር፤ ምርመራው ሰውየው አለመሆኑን አሳየ። በዚህ ክሮሞሶም ውስጥ በእርግጠኝነት የሚነበብ አንድ ታሪክ ቢኖር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ «እምቢ» የማለት መብት ከሌላት ሴት ጋር የሆነው ነው። ሊጠየቅ፣ ሊፈለግ፣ በስም ሊጠራ የሚገባው ያ ቅርቡ ሰው ነው። አርዕስቱን የወሰደው ግን ከ1,500 ዓመት በላይ የሞላው ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ሲገባ ያ ቅርቡ ሰው በጓሮ በር ይወጣል።

ስለዚህ እነዚህ ድርጅቶች የኒያልን ስም ከውጤታቸው ላይ ያንሡ። በምትኩ የሚያውቁትን ይጻፉ፤ ምልክቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው ማን እንደነበረ አይታወቅም፣ ከኒያል ቀድሞ የኖረ ይመስላል፣ ዘሩ የበዛው መሬትና ሴቶችን በያዙ ቤቶች ለብዙ ምዕተ ዓመታት ነው፣ ከእርስዎ ሺህ ሺህ አያቶችም አንዱ ብቻ ነው። ደንበኛው በዚህ ዋጋ አልገዛም ካለ፣ እስከ ዛሬ ሲሸጥለት የኖረው ዲኤንኤ እንዳልነበር ያኔ ይለያል።